የግራው አፈሙዝ

ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ የኢላማ ወረቀት ለጥፌያለሁ። አራት ቀዳዳ አለው። ሁለቱ ከጥቁሩ ክብ በስተቀኝ፣ ሁለቱ በስተግራ ናቸው። ክቡ ራሱ ንጹህ ነው። ምንም አልነካውም።

ያ ወረቀት የተበሳው ለአደን ልወጣ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው። ጓደኞቼ ሰዓት ቆርጠዋል። ዕቃዬን ሸክፌያለሁ። ጠመንጃውን ከገዛሁት አራተኛ ቀኑ ነበር። ፈቃዱንም ጠመንጃውንም ለማግኘት ረጅም ጊዜ ስለጠበቅኩ ትዕግሥቴ አልቋል። ሳልሞክረው ልሄድ ምንም አልቀረኝም። አዲስ ነው፣ ከፋብሪካ የወጣ ነው፣ ምን ይሆናል እያልኩ ነበር። በመጨረሻ ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ወደ ተኩስ መለማመጃው ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከራሴ አልወጣ ብሏል።

የማወራው ስለ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው። ብትን እርሳስ የሚረጨው ሾትገን አይደለም። በእያንዳንዱ አፈሙዝ አንድ ከባድ ጥይት የሚጎርሰው፣ ለትልልቅ አውሬ የሚያዘው ነው። የኔው ከዚህ ዘር ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ለምን ሁለት?

ከዓመታት በፊት አንድ ከርከሮ አቁስያለሁ። የያዝኩት ጠመንጃ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነበር። ተኮስኩ፤ ወደቀ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ተነሣ። ጠመንጃውን ከፍቼ፣ ቀለሁን አውጥቼ፣ ከኪሴ ሌላ ጥይት ፈልጌ እስካጎርስ ድረስ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ደሙን እየተከተልኩ እስኪጨልም ፈለግኩት። በማግስቱም ተመለስኩ። አላገኘሁትም። የት እንደወደቀ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ አላውቅም። ስለዚያ ቀን ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለ ሁለት አፈሙዝ የተመኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። በመቀርቀሪያ የሚሠራ ጠመንጃም እኮ ሁለተኛ ጥይት አለው፤ እንዲያውም ሦስተኛና አራተኛም። ግን መቀርቀሪያውን ስትስብ ጉንጭህ ከሰደፉ ይነሣል። ዓይንህ ከእንስሳው ይለያል። የብረቱም ድምፅ አለ። ባለ ሁለት አፈሙዙ ላይ የሚንቀሳቀሰው ጣት ብቻ ነው። የፊተኛው ቃታ የቀኙን ይተኩሳል፣ የኋለኛው የግራውን። ደግሞ ሁለቱ ለየራሳቸው መምቻ አላቸው። የአንዱ መምቻ ቢሰበር ሌላው ይሠራል። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል" የሚባለው ለዚህ ጠመንጃ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

የግራው አፈሙዝ ለኔ ከቀኙ ይበልጥ ነበር። ቀኙ የአደኑ ነው። ግራው ለቆሰለው እንስሳ ነው። እንደዚያ ከርከሮ ተነሥቶ ለሚሄደው የቀረች አንዲት ዕድል ናት።

ርካሹ ከምን ላይ ተቀንሶ ነው?

የለንደኖቹ እነ ሪግቢና እነ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የሚሠሯቸውን ጠመንጃዎች በሥዕል ብቻ ነው የማውቃቸው። አንዱን ለመግዛት ቤት መሸጥ ሊያስፈልግ ይችላል። የኔው ዋጋ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ገና መደብሩ ውስጥ ለማየት ሞክሬ ነበር።

እንጨቱ ተራ ነው። ብረቱ ላይ ቅርጻ ቅርጽ የለም። ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ ተስፈንጥሮ አይወጣም፤ ትንሽ ከፍ ይልልህና በእጅህ ትስበዋለህ። ቃታው ጠንከር ያለ ነው። የመተኮሻው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1875 በበርሚንግሃም ዌስትሊ ሪቻርድስ በሚባለው የጠመንጃ ሠሪ ቤት ይሠሩ የነበሩት አንሰንና ዲሊ ካወጡት ብዙም አይርቅም። ያ አሠራር ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይህ ሁሉ ቅር አላለኝም። አውሬው ቅርጻ ቅርጹን አያይም።

ዘግቼ ነቀነቅኩት። አልተንቀሳቀሰም። አፈሙዞቹ ከመቀበያው ጋር የሚገጥሙበትን ቦታ ወደ መብራት አድርጌ አየሁ። ብርሃን አያሳልፍም። ባዶ ቀለህ አስገብቼ ሁለቱንም ቃታ ሳብኩ። መቆለፊያው ሲከፈት ጠበቅ ይላል፤ ይህ ለአዲስ ጠመንጃ ጥሩ ምልክት ነው። በአፈሙዞቹ ጫፍ መካከል አንዲት ትንሽ ብሎን አየሁ። ሁለቱን ለማቀራረብና ለማራራቅ እንደሆነች ሻጩ ነገረኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ። ካርቶኑ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር። እሱንም ከደረሰኙ ጋር አድርጌ መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት።

ያቺ ብሎንና ያ ወረቀት ነበሩ ዋናው ነገር።

አራቱ ቀዳዳዎች

መለማመጃው ላይ ወረቀቱን 50 ሜትር ላይ ተከልኩ። ጥይቱ .45-70 የሚባለው ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 የተቀበለው የድሮ ጥይት ሲሆን ዛሬም ይወደዳል። የገዛሁት ከባዱን ዓይነት ነው። ተተኩሶ የሚወጣው እርሳስ ብቻውን 405 ግሬይን፣ ወደ 26 ግራም ይመዝናል። ከባድ ይሻላል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

አፈሙዙን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደገፍኩ። የቀኙን ተኮስኩ። ከክቡ መሃል 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ፣ ትንሽም ከፍ ብሎ ወጋ። እጄ ነው አልኩ። የግራውን ተኮስኩ። 9 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ። ተንፈስ ብዬ ደገምኩት። ቀኙ ከመጀመሪያው የቀኝ ቀዳዳ ጎን ተቀመጠ። ግራውም ከግራው ጎን። የቀኞቹ ቀዳዳዎች ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም።

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ጠመንጃው ቢበታትንብኝ ኖሮ መጥፎ ጠመንጃ ገዛሁ ብዬ እገላገል ነበር። እያንዳንዱ አፈሙዝ ግን ለብቻው ጎበዝ ነው። አንዱ የሚያየውን ሌላው አያይም እንጂ።

መፍቻ ይዤ ነበር። ወደ ብሎኗ ሄድኩ። ነገ አደን አለ፤ አሁኑኑ ላስተካክለው። መፍቻውን ገጥሜ አንድ ሩብ ዙር ልዞር ስል ከኋላዬ "ቆይ ልጄ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዕድሜ የገፉ ጠመንጃ ጠጋኝ ናቸው። እዚያ ቦታ የሚያውቃቸው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩኝ ነበር።

ጎንበስ ብለው አንዱን ቀለህ አነሡና ግርጌውን አነበቡ። ሳጥኑንም አገላብጠው አዩት።

"ይህ ጠመንጃ የተገራው በዚህ ጥይት ነው?"

ጥያቄው አልገባኝም። ጠመንጃ እንደ በቅሎ ይገራል እንዴ? "አላውቅም ጋሼ፣ .45-70 ነው፤ ጥይቱም .45-70 ነው" አልኳቸው።

"ሁለት በሬ ስለጠመድክ አረስክ ማለት አይደለም" አሉኝ። "መፍቻውን አስቀምጠው። መጀመሪያ ጥይቱን እወቅ።"

አስቀመጥኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ አይደለም። ጊዜ እየሄደብኝ ነው ብዬ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ትዝ አላለኝም።

የተጣመሩ፣ ግን ጎን ለጎን የማይሄዱ

ጋሼ ሁለት እርሳስ መጻፊያ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከዚያ ጫፋቸውን ትንሽ አቀራረቡት። "አፈሙዞቹ እንዲህ ናቸው" አሉኝ። እኔ ደግሞ እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው የተጋደሙ ነበር የሚመስለኝ።

የቀኙ አፈሙዝ ከጠመንጃው መሃል መስመር ወደ ቀኝ ወጣ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ሲተኮስ ጠመንጃው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ አይገፋም። ጫፉ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይዞራል። የግራው ሲተኮስ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ግራ። ይህ መዞር የሚጀምረው እርሳሱ ገና አፈሙዙ ውስጥ እያለ ነው። አፈሙዞቹ ቀጥ ብለው ቢጣመሩ እያንዳንዱ ወደየራሱ ጎን ይስታል። ስለዚህ ሠሪው ጫፋቸውን ወደ ውስጥ ያዘነብለዋል። ወደ ውስጥ ያለው ዘንበልና ወደ ውጪ ያለው መዞር ልክ ሲተካከሉ ሁለቱ አንድ ቦታ ይመታሉ። ጋሼ መግራት ያሉት ይህንን ነው።

"ልክ" የሚለው ግን በአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው። እርሳሱ ከ60 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ ሁለት ሦስት ሺኛ ቢሆን ነው። የኔው ከባድ እርሳስ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 400 ሜትር ነው። ቀለል ያለው ባለ 300 ግሬይን ወደ 570 ሜትር ይደርሳል። የዘገየው እርሳስ አፈሙዙ ውስጥ ቆይቶ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ጠመንጃው ይበልጥ ይዞራል። ስለዚህ ቀኙ ወደ ቀኝ፣ ግራው ወደ ግራ ይሄዳል። እርሳሱ ከሚገባው በላይ ከፈጠነ ደግሞ በተቃራኒው ይሻገራሉ፤ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ይመታል።

ወረቀቴን ቀና ብዬ አየሁት። ሁሉም ነገር እዚያ ተጽፎ ነበር። ቀዳዳዎቹ ተራርቀዋል እንጂ አልተሻገሩም። ጥይቱ ዘግይቷል። ብሎኗን አዙሬ ቢሆን ኖሮ ጠመንጃውን ለተሳሳተ ጥይት እገራው ነበር።

ሁለተኛም ስሕተት ነበረኝ። አፈሙዙን አሸዋው ላይ አስደግፌ ነበር የምተኩሰው። ይህ ጠመንጃ የሚገራው በሰው እጅና ትከሻ ላይ ሆኖ እንዲራገጥ ታስቦ ነው። ጠንካራ ነገር ላይ ስታሳርፈው መዞሩ ይለወጣል። ጋሼ ከረጢቱ ላይ እጄን፣ እጄ ላይ ጠመንጃውን እንዳደርግ አሳዩኝ። ሲለማመዱም በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ማጉረስ ይሻላል አሉኝ። ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሶ የሚተኩስ ሰው ጠመንጃው ሲገፋው ጣቱ ሳያስበው ሁለተኛውን ቃታ ሊነካ ይችላል። የሁለት .45-70 ምት በአንድ ጊዜ ትከሻ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያቅትም።

ያን ቀን ሌላ የተረዳሁት ነገር ርካሹ በእርግጥ ከምን ላይ እንደተቀነሰ ነው። የለንደንና የበርሚንግሃም ሠሪዎች ለዚህ ሥራ ብቻ የሚቀመጥ ሰው ነበራቸው። ሁለቱ አፈሙዞች በብየዳ የተያያዙ ናቸው። ሰውየው ይተኩሳል፤ ያያል። ብየዳውን አሙቆ በጫፎቹ መካከል ያለችውን ሽብልቅ ገፋ ወይም ሳብ ያደርጋል። ያቀዘቅዛል፤ እንደገና ይተኩሳል። ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ ይህን ይደጋግመዋል። ጆን ሪግቢ እ.ኤ.አ. በ1898 .450 ናይትሮ ኤክስፕረስ የተባለውን ጥይት ሲያወጣ ኮርዳይት የሚባለው አዲሱ ባሩድ ሌላ ችግር ይዞ መጣ። ኮርዳይት ሙቀት ሲያገኘው ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ለሕንድና ለአፍሪካ ሙቀት ባሩዱ ቀነስ የተደረገ ጥይት ለብቻው ይሠራ ነበር። የሁለት አፈሙዝ ስምምነት ያን ያህል ስስ ነገር ነው።

ፋብሪካ ብረት በርካሽ መቁረጥ ይችላል። እንጨትም በርካሽ ይልጋል። የዚያን ሰው ትዕግሥት ግን በርካሽ ማምረት አይችልም። ስለዚህ በብየዳውና በሽብልቁ ፋንታ ብሎን አስገባና የቀረውን ለገዢው ተወው። ይህን እንደ ማታለል አላየውም። እንዲያውም ጥሩ ዘዴ ነው እላለሁ፤ እንደኔ ያለ ሰው ይህን ጠመንጃ ሊይዝ የቻለው በእሱ ነው። ግን ያቺን ቀሪ ሥራ የምሠራት እኔ መሆኔን ማወቅ ነበረብኝ።

መሳቢያው

አደኑን ሰረዝኩ። ጓደኞቼ ቅር አላቸው። አንዱ "አንተ ደግሞ፣ ለ50 ሜትር ይህ ሁሉ!" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

ማታ ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። የታጠፈው ወረቀት ከደረሰኙ ሥር ነበር። የኢላማ ወረቀት ነው። አራት ቀዳዳ አለው፤ ሁሉም በአንድ መዳፍ ሥር ይሸፈናሉ። ከግርጌው ርቀቱ 50 ሜትር፣ እርሳሱ 300 ግሬይን ይላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የነገሩ ሥር አራት ቀን ሙሉ እቤቴ ተቀምጦ ነበር።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ያኔ ነው በደንብ የታየኝ። በማግስቱ ከርከሮ ብናገኝ ኖሮ ትከሻው ሥር ነበር የማነጣጥረው። የቀኙ 11 ሴንቲ ሜትር ይስታል። በዚያ ርቀት 11 ሴንቲ ሜትር ማለት ከሳንባ ወደ አንጀት መሄድ ማለት ነው። እንስሳው ይቆስላል። ከዚያ ለዚህ ቀን ብዬ የገዛሁትን የግራውን እስባለሁ። እሱም በሌላው ወገን ይስታል። የዚያን ከርከሮ ሥቃይ ላለመድገም ብዬ የገዛሁት ጠመንጃ ያንኑ ሊያስደግመኝ ነበር። ደግሞ ሁለተኛ ጥይት አለኝ ብዬ ስለምተማመን ራቅ ካለ ቦታ፣ ቸኩዬ ልተኩስ እችል ነበር።

ይህን ነው ለማንም ማስረዳት ያልቻልኩት። ሁለተኛው ዕድል መጀመሪያውኑ ያዘናጋል። ግራው አለ ብለህ ቀኙን ታቀለዋለህ።

በሳምንቱ ባለ 300 ግሬይኑን ጥይት ይዤ ተመለስኩ። ቀኝ፣ ግራ። ከዚያ ጠመንጃውን ከፍቼ አፈሙዞቹ በደንብ እስኪበርዱ ጠበቅኩ፤ አንዱ ሞቆ ሌላው ቀዝቅዞ ሲሆን ስምምነታቸው ይበላሻል። እንደገና ቀኝ፣ ግራ። አራቱም ክቡ ውስጥ ነበሩ። ዳር እስከ ዳር ስለካቸው 6 ሴንቲ ሜትር። ብሎኗን አልነካኋትም። ወደ 100 ሜትር ወስጄ ስሞክረው ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ተከፈቱ። ስለዚህ ከ70 ሜትር ወዲያ በዚህ ጠመንጃ አልተኩስም ብዬ ወስኛለሁ። ባለ ሁለት አፈሙዝ ድሮም ለቅርብ ነው።

ጋሼ ወረቀቱን አይተው ምንም አላሉም። አጥፈው መለሱልኝና "ቀኑንና የጥይቱን ዓይነት ጻፍበት" አሉኝ። ጻፍኩበት። አሁን ካርቶኑ ውስጥ ከፋብሪካው ወረቀት ጋር ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ያዋልኩት ያኛውን፣ ክቡ ያልተነካውን ነው።

ከከባዱ ጥይት 16 ቀርተውኛል። ባለ ነጠላ አፈሙዝ ጠመንጃ ያለው አንድ ጓደኛዬ ሊወስዳቸው ነው። ለእሱ ምንም ችግር የለባቸውም። አደኑ በሚቀጥለው ወር እንደገና ይከፈታል። እስከዚያ በየሳምንቱ እየሄድኩ አራት አራት ጥይት እተኩሳለሁ። ሁልጊዜም ከግራው እጀምራለሁ።